ኦቲዝም ያለብኝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ለፈተና ወቅት ምን ዓይነት ድጋፍ መጠየቅ እችላለሁ?

ጠያቂ፦ የማታ አንባቢ

ጤና ይስጥልኝ፣ የዚህ መድረክ ታዳሚዎች። የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ኦቲዝም እንዳለብኝ በባለሙያ የተረጋገጠው ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ቤተሰቦቼም ሆኑ መምህራኖቼ ዝምተኛና ጠንቃቃ ልጅ አድርገው ያዩኝ ስለነበር፣ የፈተና ሰሞን ምን ያህል እንደሚያደክመኝ ያስተዋለ ሰው አልነበረም። የማጠቃለያ ፈተና ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለቀሩት፣ በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወይም ተማሪዎችን በመደገፍ ሥራ ላይ ያላችሁ ሁሉ ምክራችሁን እንድታካፍሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ችግሬን ለያይቼ ላስረዳ። ትምህርቱን አውቀዋለሁ፤ ብቻዬን ሆኜ ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች ስሠራ አብዛኛውን በትክክል እመልሳለሁ። ወደ ፈተናው አዳራሽ ስገባ ግን መብራቱ የሚያሰማው የማያቋርጥ ድምፅ፣ የወረቀት መገላበጥ፣ ከኋላዬ የሚመላለሰው ተቆጣጣሪ ኮቴ፣ ከጎኔ የተቀመጠው ተማሪ ሽቶ ሁሉም በእኩል ኃይል ይመጡብኛል። ሌላው ሰው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚረሳውን ድምፅ እኔ ወረቀቴን እስካስረክብ ድረስ እሰማዋለሁ፤ በዚህም ምክንያት አንዱን ጥያቄ ደጋግሜ ካላነበብኩት አይገባኝም።

የጥያቄዎቹ አጻጻፍም ያስቸግረኛል። «ስለ ጉዳዩ ያለህን ግንዛቤ አብራራ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ምን ያህል መጻፍ እንዳለብኝ፣ የቱ ጋ ማቆም እንዳለብኝ አላውቅም፤ የማውቀውን ሁሉ ስጽፍ ሰዓቱ ያልቅና ሌሎቹን ጥያቄዎች ሳልነካቸው እወጣለሁ። ከዚህም ሌላ ሁለት ፈተናዎች በተከታታይ ቀናት ሲወድቁ፣ ከመጀመሪያው ፈተና በኋላ ለሰዓታት ሰው ማናገርም ምግብ መብላትም ስለሚያቅተኝ ለሁለተኛው ሳልዘጋጅ እቀርባለሁ።

ስለዚህ ጉዳይ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። ውጤቴ መጥፎ ስላልሆነ «ታዲያ ምን ጎደለሽ?» የሚሉኝ ይመስለኛል። ተጨማሪ ሰዓት ቢሰጠኝ ደግሞ ከክፍል ጓደኞቼ ያልተገባ ጥቅም እንደወሰድኩ እንዳይሰማኝ እሰጋለሁ። በዚያ ላይ ሰው ፊት ተቀምጬ ስለ ራሴ ስጠየቅ ቃላት ስለሚጠፉብኝ፣ ቢሮ ሄዶ ማስረዳቱ ራሱ ከፈተናው የማይተናነስ ሆኖብኛል። ምን ዓይነት ድጋፍ መጠየቅ ይቻላል? ማንን ነው የምጠይቀው? ለመምህራኖቼ ሁሉ የመናገር ግዴታስ አለብኝ?

መልስ፦ የሒሳብ ወዳጅ

ሰላም እህቴ። እኔም ኦቲዝም ያለብኝ ሰው ነኝ፤ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ጨርሼ አሁን በሥራ ላይ እገኛለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ «ያልተገባ ጥቅም» ባልሽው ላይ ልናገር፤ ይህ ስጋት በልብሽ እስካለ ድረስ የቀረውን ምክር ብትሰሚውም ሥራ ላይ ለማዋል ትቸገሪያለሽና። ፈተና የሚዘጋጀው ትምህርቱን ምን ያህል እንደምታውቂ ለመለካት ነው። የመብራት ድምፅን የመታገሥ ችሎታ በየትኛውም ኮርስ ዓላማ ውስጥ አልተጻፈም፣ ነጥብም አይያዝለትም። ድጋፍ ሲደረግልሽ ጥያቄው፣ የእርማቱ መስፈርትና የማለፊያ ነጥቡ እንዳሉ ይቆያሉ፤ የሚነሣው በአንቺና በጥያቄው መካከል የገባው መሰናክል ብቻ ነው። መነጽር አድርጎ የሚፈተነውን ተማሪ ማንም አጭበረበረ እንደማይለው ሁሉ አንቺንም ማንም እንዲህ ሊልሽ አይገባም።

አሁን ወደ ዝርዝሩ ልግባ። ድጋፍ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ተጨማሪ ሰዓት ነው። በብዙ ቦታ የተለመደው ከመደበኛው ሰዓት ሩቡን መጨመር ነው፤ የ2 ሰዓት ፈተና 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል ማለት ነው። ይሁን እንጂ የጻፍሽውን ሳነብ፣ በቅድሚያ መጠየቅ ያለብሽ ሰዓቱን ሳይሆን ቦታውን ይመስለኛል። ጭንቀትሽ የሚመጣው ከአዳራሹ ከሆነ፣ በዚያው አዳራሽ ውስጥ 30 ደቂቃ መጨመር ስቃዩን በ30 ደቂቃ ማራዘም ሊሆን ይችላል። ጥቂት ተማሪዎች ብቻ የሚቀመጡበት ክፍል ቢሰጥሽ ግን ምናልባት ተጨማሪው ሰዓት እንኳ ላያስፈልግሽ ይችላል። የተለየ ክፍል ማግኘት ባይቻል፣ ከግድግዳ አጠገብ፣ ከበርና ከመተላለፊያ የራቀ፣ ከኋላሽ ሰው የማይመላለስበት ቋሚ መቀመጫ እንዲያዝልሽ መጠየቅ ትችያለሽ።

ብዙዎች የማያውቁትና እኔን ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ድጋፍ ደግሞ የፈተናው ሰዓት ተቋርጦ የሚሰጥ ዕረፍት ነው። ስትጨናነቂ እጅሽን ታነሺያለሽ፣ ሰዓትሽ ይቆማል፣ ከተቆጣጣሪ ጋር ወጥተሽ ጸጥ ባለ ቦታ ጥቂት ደቂቃ ትቆዪና ስትመለሺ ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ። እንዲህ ያለ ፈቃድ እንዳለኝ ማወቄ ብቻውን ያረጋጋኝ ስለነበር፣ ሳልጠቀምበት ፈተናውን የጨረስኩበት ጊዜ አለ።

ስለ ጆሮ መድፈኛም አንድ ነገር ልጨምር። የኤሌክትሮኒክስ ክፍል የሌለው፣ ከስፖንጅ ወይም ከሲሊኮን የተሠራው ይመረጣል፤ ገመድ አልባ ማዳመጫ ድምፅ ለመቀነስ ብቻ ብትጠቀሚበትም ጥርጣሬ ሊያስነሣ ይችላል። የቱንም ብትመርጪ አስቀድሞ በጽሑፍ የተፈቀደ ይሁን። የፈተናው ዕለት ጠዋት በር ላይ ቆሞ ከተቆጣጣሪ ጋር መከራከር ቀኑን ሙሉ ያበላሻል። የተፈቀደልሽን ሁሉ በአጭሩ የያዘና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዘሽ ከሄድሽ፣ ምንም ሳትናገሪ ማሳየት ይበቃሻል።

ከፈተናው በፊት ባሉት ቀናት፣ ቢቻል ፈተናው በሚጀመርበት ሰዓት፣ ክፍሉን ሄደሽ እዪው። ከየት እንደምትገቢ፣ ቦርሳ የት እንደሚቀመጥ፣ መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ካወቅሽ በዕለቱ አዲስ የሚሆንብሽ ነገር ይቀንሳል። ብዙዎቻችን ረሃብንና ጥማትን የምናውቀው ዘግይቶ፣ ራስ ምታት ወይም መንቀጥቀጥ ሲጀምረን ነው፤ ስለዚህ መብላትና ውኃ መጠጣትን ለስሜትሽ ሳትተዪ በሰዓት ወስኚው። ከፈተና በኋላ የሚደርስብሽ ዝምታ ደግሞ የስንፍና ምልክት አይደለም፤ ከአቅሙ በላይ የተጫነበት አእምሮ ራሱን ሲጠብቅ የሚሆን ነገር ነው። ያንን ሰዓት በፕሮግራምሽ ውስጥ አስቀድመሽ ባዶ አድርጊው፤ ከአዳራሹ እንደወጣሽ መልስ ከሚያመሳክሩ ተማሪዎች ጋር አትቁሚ፣ አስቀድመሽ ያዘጋጀሽውን ቀለል ያለና የለመድሽውን ምግብ ብዪ፣ ብርሃን ቀንሰሽ ዕረፊ።

መልስ፦ የተማሪዎች ድጋፍ ባለሙያ

ውድ ጠያቂ፣ ከላይ የተሰጠው መልስ ብዙውን ስለሸፈነ እኔ በአጠያየቁ ሥርዓት ላይ ላተኩር።

በመጀመሪያ መብት እንዳለዎት ይወቁ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በ2006 ያጸደቀውና በ2008 ሥራ ላይ የዋለው (ሁለቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ሲደነግግ ከፍተኛ ትምህርትንም በግልጽ ይጨምራል፤ ስምምነቱን የተቀበሉ አገሮች ተመጣጣኝ ማመቻቸት (ለግለሰቡ ፍላጎት የሚስማማ ተገቢ ማስተካከያ) እንዲደረግ የማረጋገጥ ግዴታ አለባቸው። በአንቀጽ 2 ደግሞ ተመጣጣኝ ማመቻቸትን መከልከል ራሱ አድልዎ እንደሆነ ተደንግጓል። ይህ ማለት የጠየቁት ሁሉ ይፈጸማል ማለት አይደለም፤ ማመቻቸቱ በተቋሙ ላይ ከመጠን ያለፈ ሸክም የሚጭን መሆን የለበትም። ከአዳራሹ የተለየ ትንሽ ክፍል ወይም ቋሚ መቀመጫ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ሸክም አይሆንም።

«ምን ጎደለሽ?» እንዳይሉዎት መስጋትዎ ይገባኛል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ባወጣው አምስተኛው የምርመራ መመሪያ ውስጥ፣ ለድምፅ፣ ለብርሃን፣ ለሽታና ለመሳሰሉት ከልክ በላይ ወይም ከልክ በታች ስሜታዊ መሆን ኦቲዝምን ለመለየት ከሚያገለግሉት መስፈርቶች አንዱ ሆኖ ገብቷል። ያው መመሪያ የኦቲዝም ምልክቶች ሰውየው በሕይወት ዘመኑ በተማራቸው ዘዴዎች ምክንያት ተሸፍነው ሊቆዩ እንደሚችሉም ያስረዳል። ስለዚህ ውጤትዎ ጥሩ መሆኑ ችግር እንደሌለብዎት ማስረጃ አይሆንም፤ ውጤቱ የተገኘው በምን ያህል ድካም እንደሆነ ከወረቀቱ ላይ አይነበብምና።

ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ፊት ለፊት መናገር ለሚከብደው ሰው ይህ እንደ ማምለጫ የሚታይ አይደለም፣ እንዲያውም ለተቋሙም ይበጃል፣ መዝገብ ይሆናልና። በተቋምዎ የአካል ጉዳተኛ ወይም የልዩ ፍላጎት ተማሪዎችን የሚደግፍ ክፍል ካለ ለእርሱ፣ ከሌለ ለተማሪዎች አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ወይም ለትምህርት ክፍልዎ ኃላፊ ይጻፉ። «ኦቲዝም ስላለብኝ እርዱኝ» ብቻ ብለው ከጻፉ አንባቢው ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። እያንዳንዱን መሰናክል ከሚያቃልለው ነገር ጋር አያይዘው ይግለጹ፤ ለምሳሌ እንዲህ ሊሉ ይችላሉ፦

«የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስሆን ኦቲዝም ያለብኝ መሆኑን የሚገልጽ የባለሙያ ማስረጃ ከዚህ ማመልከቻ ጋር አያይዣለሁ። ብዙ ተማሪዎች በሚቀመጡበት አዳራሽ ውስጥ የሚሰሙ ድምፆች ትኩረቴን ስለሚበትኑት ጥያቄዎችን አንብቤ ለመረዳት እቸገራለሁ፤ ስለሆነም ጥቂት ተማሪዎች ባሉበት ክፍል እንድፈተንና የጆሮ መድፈኛ እንድጠቀም እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ። ከአንድ ፈተና በኋላ ለማገገም ጊዜ ስለሚያስፈልገኝ፣ በተከታታይ ቀናት የሚውሉ ፈተናዎቼ የሚራራቁበት መንገድ እንዲፈለግልኝ እጠይቃለሁ። በቃል ማስረዳት ስለሚከብደኝ ምላሹ በጽሑፍ እንዲደርሰኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።»

ለመምህራንዎ ሁሉ የመናገር ግዴታ የለብዎትም። ብዙ ጊዜ መምህሩ ማወቅ የሚያስፈልገው የተፈቀደውን ማመቻቸት እንጂ የምርመራውን ውጤት አይደለም፤ ማስረጃዎን ማን እንደሚያየውና የት እንደሚቀመጥ አስቀድመው ይጠይቁ። ስብሰባ ከተጠሩ ጓደኛ፣ እህት ወይም የሚያምኑትን መምህር ይዘው መግባትና ጥያቄዎቹ አስቀድመው እንዲላኩልዎ መጠየቅ ይችላሉ። የቀረዎት ጊዜ ጥቂት ሳምንታት ስለሆነ ማመልከቻውን በዚህ ሳምንት ያስገቡ፤ ክፍልና ተቆጣጣሪ መመደብ ጊዜ ይወስዳል፣ የፈተና ፕሮግራም ከወጣ በኋላ ቀን ማስለወጥም ከባድ ነው።

መልስ፦ አንድ መምህር

ለረጅም ጊዜ ፈተና ያወጣሁና ያረምኩ መምህር ነኝ፤ ስለ ጥያቄ አጻጻፍ ላነሣሽው እኔ ልመልስ። በግልጽ ያልተጻፈ ጥያቄ የአውጪው ጉድለት ስለሆነ፣ ምን እንደሚፈለግ አልገባኝም ማለትሽ ሊያሳፍርሽ አይገባም። እስከዚያው ድረስ ግን ሁለት ነገሮች ይረዱሻል።

አንደኛው የነጥቡ መጠን ነው። በጥያቄው ጎን የተጻፈው ነጥብ መምህሩ ምን ያህል ጽሑፍ እንደሚጠብቅ ይነግርሻል። ፈተናው 120 ደቂቃ ተሰጥቶት ከ100 የሚታረም ቢሆን፣ 20 ደቂቃውን ለንባብና ለመጨረሻ ክለሳ አስቀምጪና ለእያንዳንዱ ነጥብ 1 ደቂቃ መድቢ፤ የ15 ነጥብ ጥያቄ 15 ደቂቃ ያገኛል ማለት ነው። ጽሑፍ ከመጀመርሽ በፊት በየጥያቄው አጠገብ የምታቆሚበትን ሰዓት ጻፊ። ሰዓቱ ሲደርስ ዐረፍተ ነገሩ ባያልቅም ባዶ መስመር ትተሽ ወደሚቀጥለው እለፊ። ግማሽ የተመለሱ አምስት ጥያቄዎች፣ ተሟልቶ ከተመለሰ አንድ ጥያቄና ባዶ ከቀሩ አራት ጥያቄዎች የበለጠ ነጥብ ያስገኛሉ። ይህ ሙሉ ማድረግ ለሚወድ አእምሮ በጣም ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ በፈተናው ዕለት ከመሞከርሽ በፊት በአሮጌ ፈተናዎች ላይ ሰዓት ይዘሽ ደጋግመሽ ተለማመጂው።

ሁለተኛው የትእዛዝ ግሦቹ ናቸው። «ዘርዝር» ሲል ምክንያት አይፈልግም። «ግለጽ» ምን እንደሆነ፣ «አብራራ» ለምን ወይም እንዴት እንደሆነ ይጠይቃል። «አነጻጽር» ካለ ተመሳሳይነቱም ልዩነቱም መጻፍ አለበት፤ «ገምግም» ካለ ደግሞ ለሁለቱም ወገን ያለውን ማስረጃ አቅርበሽ የራስሽን ፍርድ መስጠት ይኖርብሻል። መምህራን ሁሉ እነዚህን ቃላት በአንድ ዓይነት መንገድ አይጠቀሙባቸውም፤ ስለዚህ ለየኮርሱ መምህር «ባለፈው ዓመት ለወጣው ለዚህ ጥያቄ ሙሉ ነጥብ የሚያሰጠው መልስ ምን ምን መያዝ አለበት?» ብለሽ በኢሜይል ጠይቂ። እኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲደርሰኝ ደስ ይለኛል፤ ለክፍሉ በሙሉ የሚጠቅም መልስ ነውና።

ስለ ጥናት አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) እንዳሳዩት፣ ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የተሻለ ቢያስታውሱም፣ ከ1 ሳምንት በኋላ ግን ብልጫ ያሳዩት ወረቀቱን ዘግተው የሚያስታውሱትን ለመጻፍ የሞከሩት ናቸው። ይህ ዘዴ ለአንቺ ሌላም ጥቅም አለው፤ ፈተናው ከሚጠይቅሽ ሥራ ጋር ስለሚመሳሰል በዕለቱ እንግዳ አይሆንብሽም። ከ2005 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ወዲህ አንዳንድ ተመራማሪዎች የኦቲዝም አንዱ ባሕርይ ትኩረት በጥቂት ነገሮች ላይ በጥልቀት መሰብሰቡና ከዚያ መላቀቅ መክበዱ እንደሆነ ጽፈዋል። ይህ አንቺን የሚገልጽሽ ከሆነ፣ በየሰዓቱ ትምህርት እንድትቀያይሪ የሚያዝዝ የጥናት ፕሮግራም አይስማማሽም፤ ጠዋቱን ለአንድ ኮርስ፣ ከሰዓቱን ለሌላ ኮርስ ስጪና በመካከሉ ረዘም ያለ ዕረፍት አድርጊ።

የማታ አንባቢ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ማመልከቻውን ዛሬ ማታ ጽፌ ለእህቴ አስነብቤያታለሁ፤ ነገ በኢሜይል እልከዋለሁ። ሁለት ነገር ግን አሁንም አሳስቦኛል። በአንዱ ኮርስ የነጥቡ ከፊል የሚሰጠው በክፍሉ ፊት ቆሞ በቃል በሚቀርብ ገለጻ ነው። ደግሞስ ጥያቄዬ ውድቅ ቢደረግ ምን አደርጋለሁ?

መልስ፦ የተማሪዎች ድጋፍ ባለሙያ

ስለ ገለጻው መወሰን ያለበት ኮርሱ ምን ለመለካት እንደተቀረጸ በማየት ነው። የኮርሱ ዓላማ በሕዝብ ፊት የመናገር ችሎታን ማስተማር ከሆነ ገለጻውን ፈጽሞ ማስቀረት ላይቻል ይችላል፤ ያኔም ቢሆን ለመምህሩና ለጥቂት ሰዎች ብቻ ማቅረብ፣ ማስታወሻ እያነበቡ መናገር፣ ከአድማጮች የሚነሡ ጥያቄዎች በጽሑፍ እንዲቀርቡ ማድረግ የሚጠየቁ ነገሮች ናቸው። ገለጻው የይዘቱን እውቀት ለመለካት ብቻ የታሰበ ከሆነ ደግሞ በቪዲዮ ቀርጸው ማስገባት ወይም በጽሑፍ መተካት እንዲፈቀድልዎ ይጠይቁ። ይህን በማመልከቻው ላይ ሳይልኩት አሁኑኑ ይጨምሩት።

ጥያቄዎ ውድቅ ቢደረግ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልዎ ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ችግሩ የማስረጃ አለመሟላት ወይም የጠየቁት ልዩ ክፍል በዚያ ሰዓት አለመኖሩ ስለሚሆን፣ ምክንያቱን ካወቁ የጎደለውን ማሟላት ወይም አማራጭ ማቅረብ ይችላሉ። «ለአንቺ ከፈቀድን ለሁሉም ልንፈቅድ ነው» የሚል መልስ ከመጣ ግን ቅሬታዎን ለዲኑ ጽሕፈት ቤት ወይም ተቋሙ ለቅሬታ ላቋቋመው ኮሚቴ ያቅርቡ፤ የማመልከቻውን ቅጂ፣ የላኩበትን ቀንና የተሰጠዎትን ምላሽ አብረው ያያይዙ። ውሳኔው እስኪሰጥ ፈተናው ሊደርስ ስለሚችል፣ ቢያንስ የጆሮ መድፈኛውና ከግድግዳ አጠገብ ያለው መቀመጫ በጊዜያዊነት እንዲፈቀድልዎ በዚያው ደብዳቤ ላይ ይጠይቁ። እነዚህን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በራሱ ሥልጣን ሊፈቅዳቸው የሚችልበት አጋጣሚ ብዙ ነው።